ልጄን «ቀጣዩ ጋነን ቡር» ይሉታል፤ ትምህርቱን ትቶ ውድድር ይከተል?

ጥያቄ፦

«የምንኖረው ሚኔሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። 15 ዓመት የሞላው ልጄ ዲስክ ጎልፍ (ዲስክ እየወረወሩ በጥቂት ውርወራ ባስኬት ውስጥ፣ ማለትም እንጨት ላይ በቆመ ዓይነት ቅርጫት ውስጥ፣ የማስገባት ጨዋታ) ከጀመረ ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ አሁን ግን አባቱን ከሚያህሉ ሰዎች ጋር ተወዳድሮ ዋንጫ ይዞ ይመጣል። ሬቲንጉ (የችሎታ ነጥቡ) 951 ነው። አንድ ቀን 1004 ተጫወተና የሰፈሩ ተጫዋቾች ‹ቀጣዩ ጋነን ቡር ይኸው› እያሉ በዕውቁ ተጫዋች ስም ፎቶውን ለጠፉት። ከ400 ጫማ በላይ ይወረውራል። አንድ የዲስክ ሱቅ የስፖንሰር ውል ልኮልናል፣ የእኔንም ፊርማ ይጠይቃል። ልጁ ከሚቀጥለው ፀደይ ጀምሮ ትምህርቱን በኦንላይን አድርጎ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቫን እየዞረ መወዳደር ይፈልጋል፤ አንደኛው 24፣ ሌላኛው 27 ዓመቱ ነው። እኔ ስለ ጨዋታው የማውቀው የለም። አባቱ ‹ዕድሉን አትዝጊበት› ይለኛል። ከውድድር ሲመለስ ክርኑ ላይ በረዶ ሲያደርግ አያለሁ፤ ስጠይቀው ‹የልምምድ ነው› ይላል። የ12 ዓመት እህቱም እየተከተለችው መወርወር ጀምራለች። የመጨረሻዎቹን ዙሮቹን ውጤት አያይዣለሁ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ከክርኑ እጀምራለሁ፤ ሌላው ሁሉ ቢቆይ አይጎዳም፣ ይህ ግን አይቆይም።

የ15 ዓመት ልጅ ክርን ከአዋቂ ክርን ይለያል። በውስጠኛው በኩል፣ የክንድ ጡንቻዎችና ጅማት ከአጥንት ጋር በሚያያዙበት ቦታ፣ ገና ያልጠነከረ የማደጊያ ክፍል አለ። አዋቂ ሰው ክርኑን ከልክ በላይ ሲያሠራ የሚታመመው ጅማቱ ነው። ልጅ ላይ ግን ጅማቱ ከአጥንቱ ይበረታና ጉተታው ያንን ለስላሳ ክፍል ያቆስለዋል፤ ሲብስም ከቦታው ይስበዋል። አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል በሚወረውሩ ልጆች ላይ በደንብ የታወቀ ጉዳት ነው። ዲስክ ጎልፍ ላይ በተለይ የሚመጣው በፎርሃንድ ነው፤ ማለትም መዳፍ ወደ ላይ ሆኖ ዲስኩ ከጎን በኩል በሚለቀቅበት ውርወራ። ባክሃንድ፣ ማለትም ክንድ ደረትን አቋርጦ የሚወረወረውን፣ የሚያበዛ ልጅ ደግሞ ይልቁን ትከሻውን፣ ወገቡን ወይም የፊት እግሩን ጉልበት ያመዋል።

ስለዚህ ሐኪም እስኪያየው ድረስ ውርወራ ይቁም። የሚፈልጉት ሐኪም የልጆች አጥንት ወይም የልጆች ስፖርት ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። ራጅ ሲነሳ ጤነኛው ክርኑም አብሮ ይነሳ፤ በማደግ ላይ ያለ አጥንት ያለ ማነጻጸሪያ በቀላሉ ያሳስታል። ቀላል ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ሙሉ እረፍት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መመለስ ይበቃዋል። ትንሿ ጣቱና የቀለበት ጣቱ ከደነዘዙ፣ ክርኑ እስከ መጨረሻው አልዘረጋ ካለ፣ ወይም ሲወረውር አንዳች ነገር «ቋ» ብሎ ከነበረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይሂዱ። የሕመም ማስታገሻ ውጦ መወዳደር ከሁሉም የከፋው አማራጭ ነው፤ ሕመሙ ብቸኛው ማስጠንቀቂያ ስለሆነ። ዘመድ «እገሌ የሚባል ጥሩ ወጌሻ አለ» ማለቱም አይቀርም። ወለምታ ቢሆን አልከራከርም ነበር፤ በማደግ ላይ ያለን የክርን አጥንት ግን ማሸት አያድነውም፣ ሊያባብሰው ይችላል።

በረዶው ሕመሙን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ምክንያቱን አይነካውም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከክርን በታች ነው ያለው። ጥሩ ውርወራ ከመሬት ይነሳል፤ የፊት እግር ተረግጦ ይቆማል፣ ዳሌ ይዞራል፣ ደረት ይከተላል፣ ክንድ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ወደ ልምምድ ሲመለስ በስልክዎ ከጎን በኩል በዝግታ ይቅረጹትና አንድ ነገር ብቻ ይዩ፦ የፊት እግሩ ሙሉ በሙሉ መሬት ከመርገጡ በፊት ክንዱ ወደ ፊት መሄድ ከጀመረ፣ ዳሌው መሥራት የነበረበትን ሥራ ክርኑ እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህን ለማየት ጨዋታውን ማወቅ አያስፈልግም። የልጁ አሰልጣኝ ይህን አይቶ ካላረመ ደግሞ አሰልጣኝ ይቀየር።

ወደ ሬቲንጉ ልሂድ፤ ቤተሰቡን ሁሉ ያሳሳተው እሱ ይመስለኛል። 951 ከ1000 ላይ የተሰጠ የፈተና ነጥብ አይደለም፤ «95 ከመቶ አመጣ» ብለው አያንብቡት። የስፖርቱ የበላይ ማኅበር ፒዲጂኤ በ1976 ነው የተመሠረተው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ በሬቲንግ አሠራሩ 1000 መለኪያ እንጂ ጣሪያ አይደለም። ከላይ ያሉት ወንዶች 1040ን ያልፋሉ። እያንዳንዱ ዙር የሚለካው በዚያ ቀን፣ በዚያ ሜዳ፣ ሬቲንጋቸው ከሚታወቅ ተጫዋቾች ጋር ተነጻጽሮ ነው። በግምት 10 ነጥብ ማለት በአንድ ዙር የአንድ ውርወራ ልዩነት ነው፤ አጭር ሜዳ ላይ ከፍ፣ ረጅም ሜዳ ላይ ዝቅ ይላል። እንግዲህ የ1000 ተጫዋች ልጅዎን በየዙሩ በ5 ውርወራ ያህል ይበልጠዋል፤ የ1045 ተጫዋች ደግሞ ከ9 በላይ። ትልልቅ ውድድሮች በአብዛኛው ሦስት ወይም አራት ዙር ናቸው። አራቱን ዙር ቢያባዙት በ37 ውርወራ ግድም ተበልጦ ይወጣል። ይህ ልጁን ማሳነስ አይደለም። በ15 ዓመቱ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው 951 መድረስ እውነተኛ ተሰጥኦ ነው። ርቀቱን ግን ማወቅ አለባችሁ።

ከሬቲንጉ ይልቅ ያያያዙት ዝርዝር ብዙ ይናገራል። ስድስት ዙሮች ናቸው። ሦስቱ በካፖዥያ ፓርክ፣ ማለትም በየቀኑ በሚጫወትበት ሜዳ፦ 1004፣ 987 እና 979። ሦስቱ ከቤት ርቆ፦ 931፣ 912 እና 898፤ የመጨረሻው በብሉ ሪበን ፓይንስ ጫካ ውስጥ። አማካዩ 951 ይሁን እንጂ 951 የሚጫወት ልጅ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የማየው ሁለት ልጅ ነው፤ አንዱ እያንዳንዱን ዛፍና የነፋሱን አቅጣጫ በሚያውቅበት ሜዳ ፕሮ (ለገንዘብ የሚወዳደር ተጫዋች) የሚመስል፣ ሌላው ሜዳው ሲቀየር 8 ውርወራ ግድም የሚያባክን። የሰፈሩ ሰው ፎቶ የለጠፈው የመጀመሪያውን ነው። ቫን ውስጥ ገብቶ በየሳምንቱ አዲስ ሜዳ ላይ የሚወዳደረው ግን ሁለተኛው ነው።

የወጣት ተጫዋች አቅም የሚታየው በመጥፎ ቀኑ ነው። በጥሩ ቀን ማንም ልጅ ያስደንቃል፤ ሦስት ረጃጅም ፑት (ወደ ባስኬቱ የሚወረወር የማስገቢያ ውርወራ) ይገቡለትና 1000 ይጫወታል። ዝናብ ሲዘንብ፣ የመጀመሪያዋ ዲስክ ውሃ ውስጥ ስትገባ፣ አብረውት የሚጫወቱት ሰዎች ሲያኮርፉ የሚያመጣው ውጤት ነው የእርሱ። ለቡድን ልጆች የሚመርጥ ሰው ዓይኑን የሚጥለው መጀመሪያ ታች ያሉት ቁጥሮች ላይ ነው። 1004ቱን እርሱት፤ 898ቱ ወደ 950 ሲወጣ ይደውሉልኝ።

አዲስ መጪ ልጅ ሁሉንም የሚያስደንቀው ለምንድነው? ግማሹ ተሰጥኦ ነው፣ ግማሹ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሬቲንግ የሚሠራው ካለፉት 12 ወራት ዙሮች ነው፤ ምንም እንኳ የቅርቦቹ ዙሮች ክብደታቸው ከፍ ቢልም፣ በፍጥነት እያደገ ያለ ልጅ ቁጥሩ ሁልጊዜ ከእውነተኛ አቅሙ ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ልጁ ዝቅተኛ ሬቲንግ ይዞ ይመጣና ከእሱ ከፍ ያሉትን እየጣለ ይሄዳል፤ ሰው «ከየት መጣ?» ይላል። እድገቱ ሲረጋጋ ቁጥሩ ይደርስበታል፣ መገረሙም በዚያው ያበቃል። ብዙ ልጆች በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት «ወደቀ» የሚባሉት በዚህ ምክንያት ነው። አልወደቁም፣ ቁጥራቸው ደረሰባቸው። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ልጅ ግን ራሱ እንደወደቀ ያምንና ዲስኩን ይጥላል።

አሁን ስለ ጋነን ቡር። በ2022 ሮክ ሂል፣ ሳውዝ ካሮላይና በሚደረገው የአሜሪካ የዲስክ ጎልፍ ሻምፒዮና ሲያሸንፍ 17 ዓመቱ ነበር። የአዮዋ ልጅ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ዓመታት በታዳጊ ውድድሮች አድጓል። ስሙ በየሰፈሩ ለእያንዳንዱ ጎበዝ ልጅ የሚለጠፈው የእሱን ዓይነት ልጅ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ነው። በእኛ ስፖርት እንየው ከተባለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ2003 ፓሪስ ላይ በ5000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ገና 18 ዓመቷ ነበር፤ ከእሷ ጋር በታዳጊነት ሮጠው ስማቸውን የማናስታውሳቸው ግን ስንት ናቸው? የሌሎቹን ሻምፒዮኖች ዕድሜ ደግሞ ይዩ። ፖል ማክቤዝ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ በ2012 ያነሳው በ22 ዓመቱ ነው፤ በድምሩ ስድስት አለው። ኬን ክላይሞ ከ1990 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት 12 ጊዜ አሸንፏል፤ የመጨረሻውን ሲያነሳ ዕድሜው 38 ነበር። ኢስቶኒያዊቷ ክሪስቲን ታታር ከበረዶ ሸርተቴ ሩጫ መጥታ ዲስክ ጎልፍ የጀመረችው ከ20 ዓመቷ በኋላ ነው፤ በ2022 እና በ2023 የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። «በ16 ካልወጣ አለቀለት» የሚለው ወሬ ከጂምናስቲክ የተወሰደ ይመስለኛል፤ በዚህ ስፖርት መሠረት የለውም። ባልዎ «ዕድሉን አትዝጊበት» ሲሉ ዕድሉ ቶሎ የሚያልፍ መስሏቸው ነው። አያልፍም።

ወጣቶቹ ከድሮው ይልቅ ቶሎ የሚደርሱ መሆኑ ግን እውነት ነው። የድሮ ተጫዋች ቴክኒክ የሚማረው ሜዳ ላይ ከሚያገኘው ሰው ነበር፤ የዛሬ ልጅ የዓለምን ምርጥ ውርወራ ዩቲዩብ ላይ በዝግታ እየደጋገመ ያያል። ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ፣ ጂምና አዳራሽ ተዘግቶ መናፈሻ ብቻ ክፍት በነበረበት ጊዜ፣ ስፖርቱ በአንድ ጊዜ ሰፋ። ሚኔሶታ ደግሞ ከድሮም የዚህ ጨዋታ አገር ናት። ይህ ሁሉ ለልጅዎ ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ዕድል እኩዮቹም አላቸው፤ በሌሎች ክፍለ ሀገሮችና አገሮችም 951 የሚጫወት የ15 ዓመት ልጅ አይጠፋም።

400 ጫማ፣ ማለትም 122 ሜትር ግድም፣ ለዕድሜው ረጅም ነው። ከፕሮዎቹ 500 ጫማ የሚያልፉት ግን ጥቂት አይደሉም፤ እሱም ሲያድግ ርቀቱ በራሱ ይጨምራል። የሚጎድለው ሌላ ቦታ ነው። ከባስኬቱ 10 ሜትር ዙሪያ ያለውን ክልል ያስቡ። እዚያ ውስጥ ደንቡ ራሱ ይለወጣል፤ ተጫዋቹ ዲስኩን ከለቀቀ በኋላ ሚዛኑን ጠብቆ መቆም አለበት፣ ወደ ፊት እየወደቁ መወርወር አይፈቀድም። ምርጦቹ ወንዶች ከዚህ ክልል ውስጥ፣ የአፍንጫ ሥር ያሉትን ሳይቆጥሩ፣ ከ85 በመቶ በላይ ያስገባሉ። በአንድ ዙር እንዲህ ያለ 10 ፑት ገጠመው እንበል። 60 በመቶ የሚያስገባ ልጅ 6 ያገኛል፣ 85 በመቶ የሚያስገባው 8 ወይም 9። ልዩነቱ ወደ ሁለት ውርወራ ተኩል፣ በሬቲንግ 25 ነጥብ ነው፤ ያለ አንዲት ሜትር ተጨማሪ ርቀት፣ ያለ ክርን ሕመም። የሚኔሶታ የበረዶ ወቅት ረጅም ነው፤ ሐኪሙ ሲፈቅድ ቤዝመንት ውስጥ ባስኬት ይተክል። በቀን 50 ፑት ከ8 ሜትር፣ የገባው እየተቆጠረ ግድግዳው ላይ ይጻፍ። ከ50 ውስጥ 40 ያለማቋረጥ እስኪያስገባ ድረስ «ረጅም ርቀት» የሚባሉትን ፈጣን ዲስኮች ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆልፉባቸው። ይናደዳል፤ ይናደድ።

ይህን የምለው ቪዲዮ ልጆችን ስለሚያታልል ነው። በ2021 ኦግደን፣ ዩታ ላይ ጄምስ ኮንራድ በመጨረሻው ቀዳዳ (እያንዳንዱ ባስኬት ያለበት የሜዳ ክፍል እንዲህ ይባላል) ከ75 ሜትር ርቀት ቀጥታ ባስኬት ውስጥ አስገብቶ ከማክቤዝ ጋር እኩል ሆነ፣ በመለያ ጨዋታም አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሁሉም ልጅ ያንን ውርወራ በቃሉ ያውቀዋል። ኮንራድን እዚያ ድረስ በአንድ ውርወራ ልዩነት ያቆዩት ለቀናት ያስገባቸው ተራ ፑቶች ግን ማንም አይለጥፋቸውም።

ስለ እህቱ አልጠየቁኝም፤ እኔ ግን እመልሳለሁ። በታዳጊ ሴቶች ምድብ ተወዳዳሪው ጥቂት ነው፤ የምትመራት ሴት አሰልጣኝ ወይም የሴቶች ሊግ ብታገኙላት በሁለት ዓመት ውስጥ ከወንድሟ የበለጠ በር ሊከፈትላት ይችላል። ቀላል ዲስክ ይግዙላት፤ 150 ግራም ወይም ከዚያ በታች። የወንድሟን 175 ግራም ዲስክ መወርወሯን ዛሬውኑ ታቁም።

ወደ ቫኑ። አይሆንም። ይህን ያለ ምንም ማለሳለሻ ነው የምለው። ሁለቱ ወጣቶች ጨዋ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጉዳዩ የእነሱ ጨዋነት አይደለም። የ15 ዓመት ልጅ ወላጁ ሳይኖር ከአዋቂዎች ጋር በአንድ ቫን ወይም በአንድ የሆቴል ክፍል ማደር የለበትም፤ ለየትኛውም ስፖርት፣ ለየትኛውም ዋንጫ። ሌላም አለ። በተመዘገቡ ውድድሮች ላይ አልኮልና ማሪዋና በውድድሩ ደንብ የተከለከሉ ናቸው፤ በሰፈር ጨዋታና ከውድድር በኋላ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ግን ደንቡ አይደርስም። ልጁ አይነግርዎትም፣ እኔ ግን እነግርዎታለሁ። ከዚያም ተራ ነገሮች አሉ፤ ክርኑ ሜዙሪ ውስጥ ቢታመም ለሕክምና የሚፈርምለት ማነው? መኪና መከራየት አይችልም፣ ሆቴል በስሙ መያዝ አይችልም። ከአብዛኞቹ ፕሮዎች ጀርባ ያለው ሕይወትም ያው ነው፤ ነዳጅ፣ የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ርካሽ ምሳ፣ ሽልማት ያልደረሰበት ሳምንት። የፕሮ ቱሩ (የፕሮዎቹ ተከታታይ ውድድር) ወቅት ከበረዶው ወቅት ማብቂያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ኦንላይን ትምህርት በዚያ መሐል የሚሠራው አጠገቡ ቆጣጣሪ ላለው ልጅ ነው። ትምህርቱ ይቀጥል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው የእረፍት ጊዜ ብቻ በሚኔሶታ፣ በዊስኮንሲንና በአዮዋ ከሚበቃው በላይ ውድድር ይሰጠዋል፤ ከእርስዎ ወይም ከአባቱ ጋር። ኮሌጅንም አይርሱት፤ ጥቂት ኮሌጆች የዲስክ ጎልፍ ቡድንና አነስተኛ ስኮላርሺፕ አላቸው፣ የኮሌጆች ብሔራዊ ሻምፒዮናም አለ። ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ነገር ግን አይጠብቁ።

ገንዘብን በተመለከተ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። አማተር ተጫዋች በፕሮ ምድብ ገብቶ መጫወት ይችላል፤ የሽልማት ገንዘብ ከተቀበለ ግን ፕሮ ይሆናል። ገንዘቡን አልቀበልም ካለ አማተርነቱ ይቀጥላል። አንዴ ከወጣ መመለስ የሚቻለው በማመልከቻ ነው፣ መልሱም እርግጠኛ አይደለም። የምመክረው ይህንን ነው፦ ክርኑ ሲድን በአቅራቢያ ባሉ ውድድሮች በወንዶች ክፍት ምድብ፣ ማለትም በፕሮው ምድብ፣ ይግባ፣ ከሚበልጡት ጋር ይጫወት፣ 200 ዶላር ቢደርሰው ይመልስ። ያ 200 ዶላር የአማተር በሮችን የሚዘጋ በጣም ርካሽ ዋጋ ነው። ከዚያ ዓይኑን በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና ላይ ያድርግ፤ ከሌላ ክፍለ ሀገርና ከሌላ አገር እኩዮቹ ጋር የሚለካው እዚያ ነው።

17 ሲሞላው ጉዳዩን እንደገና ያንሱት። የእኔ መመዘኛ ይህ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓመት ያለ ክርን ሕመም፣ የ12 ወር ሬቲንጉ 1000 ወይም በላይ፣ ከዙሮቹ ቢያንስ ግማሹ ከቤት ርቆ፣ ከሁሉም የወረደው ዙሩ ከ960 በታች ያልሆነ። ሦስቱን አሟልቶ አንዱ ቢጎድለው ይጠብቅ። ከጤናው አንቀጽ በተለይ ቅናሽ የለም። ኢግል ማክማን ከዓለም ምርጦች አንዱ በነበረበት ሰዓት የትከሻ ሕመም ለረጅም ጊዜ ከውድድር አርቆታል፤ እሱ ግን አዋቂ ነበር፣ ስሙም አብቦ ነበር። በ15 ዓመት የተጎዳ ክርን የሚያስታምመው ስፖንሰር የለውም።

የቀረው ውሉ ነው። ልጅዎ ውሉን ሲያይ የሚያስበው ማክቤዝ በ2021 ከዲስክ አምራቹ ዲስክራፍት ጋር የፈረመውን የ10 ዓመት የ10 ሚሊዮን ዶላር ውል ነው። እሱ ያንን የፈረመው አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ነው። ለእርስዎ የተላከው የሚለው በዓመት 12 ዲስክ በነፃ፣ ሌላው በቅናሽ፤ በምትኩ ልጁ የሌላ ምርት አይወረውርም፣ በየሳምንቱ ይለጥፋል፣ ምስሉን ያለ ጊዜ ገደብ ይጠቀሙበታል፣ ውሉም ከሁለት ዓመት በኋላ ካልተሰረዘ በራሱ ይታደሳል። ይህ ስፖንሰር አይባልም፤ ልጅዎ ማስታወቂያ ሠርቶ የሚከፈለው በፕላስቲክ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ የፈረመውን ውል በአብዛኛው ሊያፈርሰው ይችላል፤ የእርስዎን ፊርማ የሚፈልጉትም ለዚህ ነው፣ እርስዎ የፈረሙት እርስዎን ያስራል።

እንዳለ አይፈርሙ። የሚቀበሉት ከሆነ የአንድ ዓመት ይሁን፣ በራሱ መታደሱ ይውጣ፣ የሌላ ምርት የመወርወር ነፃነቱ ይጠበቅ፣ ምስሉ ውሉ ሲያበቃ ይቁም፣ ከጉዳት የተነሳ መወዳደር ባይችል ዕዳ እንዳይኖርበት በግልጽ ይጻፍ። ከመፈረምዎ በፊት የሚኔሶታ ጠበቃ ያንብበው፤ የአንድ ሰዓት ክፍያ ነው። ሱቁ እነዚህን አንቀጾች ለመለወጥ ፈቃደኛ ካልሆነ፣ ወይም «እስከ አርብ ካልተፈረመ ይቀራል» ካላችሁ፣ ይቅር። ዲስኩን ከኪስዎ ይግዙለት።